ተጠርቶ የመጣ ጨለማ

ስለ ሼክስፒር «ማክቤዝ» ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



«ማክቤዝ»ን በፊልም ያያችሁ ሰዎች በዓይናችሁ ላይ የቀረውን ለመገመት አይከብደኝም፤ ጭጋግ፣ ጥቁር ሰማይ፣ ችቦ፣ የቁራ ጩኸት። ልክ ናችሁ። ዊልያም ሼክስፒር ከጻፋቸው ትራጄዲዎች መካከል የዚህን ያህል ሌሊት የበዛበት የለም። ሆኖም ተውኔቱ አዲስ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም በ1606 ገደማ፣ የለንደን ሕዝብ ያየው በቀን ብርሃን ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግሎብ የሚባለው ቲያትር ቤት መሐሉ ጣራ አልነበረውም፤ ትርኢቱ የሚጀመረውም ከሰዓት በኋላ ነበር። ተመልካቹ የተዋናዩን ፊት፣ ተዋናዩም የተመልካቹን ፊት ወለል አድርጎ እያየ እኩለ ሌሊት ሆነ ይባላል። መብራት የሚያደበዝዝ ባለሙያ የለም፤ ጭስ የሚነፋ መሣሪያ የለም። መምሸቱ የሚታወቀው አንዱ ችቦ ወይም ሻማ ይዞ ሲገባ፣ ሌላው ደግሞ ስለ ጨለማው አፍ አውጥቶ ሲናገር ነው።

እንግዲህ ጨለማው በቃል የሚሠራ ከሆነ፣ ቃሉን የሚናገረው ማነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። እኔ እንደማነብበው፣ በ«ማክቤዝ» ውስጥ ያለው ጨለማ ለማስፈራሪያ የተነሰነሰ ጌጥ አይደለም። ባልና ሚስት በየፊናቸው ና ብለው የጠሩት ነው። ሲጠሩት መጣላቸው፤ በቃህ ሲሉት ግን አልሄደም።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል፤ የምታውቁት ታገሡኝ። ማክቤዝ የስኮትላንድ ንጉሥ የደንከን የሥጋ ዘመድና የጦር አበጋዙ ነው። ድል አድርጎ ከጓደኛው ከባንኮ ጋር ሲመለስ ሦስት ጠንቋይ ሴቶች በረሃ ላይ ያገኙትና የኮዶር ሹም እንደሚሆን፣ ኋላም እንደሚነግሥ ንግርት ይነግሩታል። ለባንኮ ደግሞ እሱ ራሱ ባይነግሥም ዘሩ እንደሚነግሥ ይነግሩታል። የኮዶር ሹመት ወዲያው ይደርሰዋል። ንጉሡ ግን ልጁን ማልኮልምን አልጋ ወራሽ አድርጎ ያውጃል፤ አውጆም ማክቤዝ ቤት በእንግድነት ሊያድር ይሄዳል። ማክቤዝ በሚስቱ ጉትጎታ ንጉሡን በተኛበት ይገድለዋል፤ ይነግሣል፤ ባንኮን ያስገድላል፤ የባላባቱን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስፈጃል። ሚስቱ አእምሮዋ ተናውጦ ትሞታለች፣ እሱም በማክደፍ ሰይፍ ይወድቃል። ከሼክስፒር ትራጄዲዎች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው። ርዝመቱ ከ«ሐምሌት» ግማሽ ብዙም አይበልጥም።

ወደ ጥሪው ልመለስ። የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያሰማው ማክቤዝ ነው። ንጉሡ የልጁን አልጋ ወራሽነት ባወጀበት ጉባኤ መካከል፣ ሌላው ሰው ደስታውን ሲገልጽ፣ እሱ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ ከዋክብቱ ብርሃናቸውን እንዲሰውሩለት ይለምናል። በልቡ ያደረውን ጥቁር ምኞት ብርሃን እንዳያገኘው ነው። ቀጥሎ የሚጨምረው ግን ከዚህ ይበልጥ ይገርማል፤ እጁ የሚሠራውን ዓይኑ እንዳያይ ይመኛል። ልብ አድርጉልኝ፤ ሰው ያየኝ ይሆን የሚል ሐሳብ በዚህ ቦታ የለም። የሚሸሸው የገዛ ዓይኑን ነው።

ከዚያ ሚስቱ ትከተላለች። የባሏን ደብዳቤ አንብባ እንደ ጨረሰች፣ ንጉሡ ዛሬ ማታ እኛ ቤት ያድራል የሚል መልእክተኛ ይመጣባታል። ብቻዋን ስትቀር ክፉ መናፍስትን ትጣራለች፤ ሴትነቷን እንዲነጥቋት፣ የጡቷን ወተት በሐሞት እንዲለውጡላት። በመጨረሻም ሌሊቱን ትጠራዋለች። የሲኦል ጭስ ተከናንቦ እንዲመጣ፣ ስለቷ የምታደርሰውን ቁስል ራሷ ስለቷ እንዳታየው፣ ሰማይም አሾልቆ አይቶ ተይ እንዳይላት ትማጸናለች። ባልና ሚስቱ ገና አልተገናኙም፤ አንዳቸው የሌላውን ጸሎት አልሰሙም። የለመኑት ግን አንድ ነው። ስለዚህ ጋብቻ ብዙ ተጽፏል፤ እሷ ክፉ፣ እሱ ደካማ ነው እየተባለ። እኔ ግን እነዚህን ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ የዚህን ያህል ልብ ለልብ የተጣጣመ ባልና ሚስት አላገኝም።

ሦስተኛው ጥሪ ሲሰማ ነገሩ ተለውጧል። ማክቤዝ አሁን ንጉሥ ነው፤ ባንኮንና ልጁን ፍሊያንስን የሚገድሉ ሰዎች አሰማርቷል። ሚስቱ ምን ልታደርግ ነው ብላ ስትጠይቀው አይነግራትም፤ ሥራው አልቆ እስክታመሰግኝ ድረስ ምንም ባታውቂ ይሻላል ይላታል። ከዚያም እፊቷ ቆሞ ሌሊቱ የቀኑን ዓይን እንዲሸፍንለት ይጠራል። በመጀመሪያ ሁለቱም ለየብቻ ጠሩ፤ አሁን እሱ ብቻውን ይጠራል፣ እሷ በመገረም ትሰማለች። እሷም እሱ በጠራው ጨለማ ውስጥ ከማያዩት ሰዎች አንዷ ሆነች ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ተማክረው የሚሠሩት አንድም ነገር የለም።

ይህ የጥሪ ነገር የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ የሚያሳምነኝ ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘበት መጽሐፍ ነው። ምንጩ የራፋኤል ሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ነው፤ መጀመሪያ በ1577፣ ተስፋፍቶም በ1587 የታተመ። እዚያ ውስጥ ደፍ የሚባል ሌላ የስኮትላንድ ንጉሥ ታሪክ አለ፤ ይህን ንጉሥ ዶንዋልድ የሚባል ባለሟሉ በሚስቱ ገፋፊነት በገዛ ግንቡ ውስጥ፣ በተኛበት ያስገድለዋል። ሼክስፒር የደንከንን ግድያ የሠራው ከዚህ ታሪክ ቆርጦ ነው። በዜና መዋዕሉ መሠረት ንጉሥ ደፍ ከተገደለ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ በአገሪቱ ላይ ፀሐይም ጨረቃም አልታየም። ፈረሶች ሥጋ መብላት ጀመሩ ይላል። ሼክስፒር ይህንንም ወስዶታል። ከደንከን ሞት ማግስት አንድ ሽማግሌና ሮስ የሚባለው መኮንን ተገናኝተው፣ ሰዓቱ ቀን ነው እያለ ፀሐይ አለመውጣቷን፣ ጉጉት ጭልፊት መግደሏን፣ የንጉሡ ፈረሶች እርስ በርስ መበላላታቸውን ይጨዋወታሉ።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? በዜና መዋዕሉ ጨለማው ከወንጀሉ በኋላ የሚመጣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው። በተውኔቱ ከወንጀሉ በፊት የሚመጣ የሰው ልመና ነው። ይህ ቅደም ተከተል መለወጡ ተራ ነገር አይመስለኝም። የቁጣ ጨለማ ከላይ ይወርድብሃል፤ የለመንኸው ጨለማ ግን እዳው ያንተ ነው።

ሼክስፒር ከዜና መዋዕሉ የጣለው ነገር ደግሞ ከወሰደው ያላነሰ ይናገራል። በታሪክ የሚታወቀው ማክቤዝ ከ1040 እስከ 1057 አሥራ ሰባት ዓመት የነገሠ ሰው ነው። ደንከን የሞተው በጦር ሜዳ ነው። ማክቤዝ በ1050 ሮም ድረስ ተሳልሞ ለድሆች ገንዘብ በትኗል፤ መንግሥቱ ያልጸና ሰው ደግሞ አገሩን ጥሎ ያን ያህል ርቆ አይሄድም። በሆሊንሼድ መጽሐፍ እንኳ ደንከን ለዘብተኛና ደካማ ንጉሥ ነው፣ ማክቤዝም በአልጋው ላይ ያለው ይገባኛል ባይነት በአገሩ ልማድ የሚያስኬድ ነው፤ ሲነግሥም አሥር ዓመት ያህል በደግ አስተዳድሯል፤ ባንኮም የሤራው ተካፋይ ነው። ሼክስፒር ይህን ሁሉ አውጥቶ ጣለው። ቅሬታውን ጣለ፣ መብቱን ጣለ፣ ደጉን ዘመን ጣለ፣ ግብረ አበሩን ባንኮን ንጹሕ አደረገው። ባንኮን ለማንጻት አንድ ምክንያት ነበረው፤ በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን የወረሰው ቀዳማዊ ጄምስ ዘሩን ከባንኮ የሚቆጥር ንጉሥ ነበርና፣ የሼክስፒር ጓድም የዚሁ ንጉሥ ተዋንያን ነበር። የቀሩት ግን በንጉሥ ፊት በማጎንበስ የሚተረጎሙ አይደሉም። ማክቤዝ ከራሱ ሌላ የሚያመካኝበት አንድም ነገር እንዳይኖረው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ጠንቋዮቹስ? ይህን ጥያቄ ሳላነሣ ባልፍ ከአዳራሹ የሚያስወጣኝ አላገኝም። ጄምስ በ1597 ስለ ጥንቆላ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከዚያም ቀደም ብሎ ከዴንማርክ ሚስቱን ይዞ ሲመለስ ማዕበል አስነሥተውብኛል ብሎ በኖርዝ ቤሪክ ጠንቋይ የተባሉ ሰዎችን ሲያስመረምር ራሱ ተገኝቷል። ሼክስፒር ይህን ወሬ ያውቃል። በመድረኩ ላይ አንዷ ጠንቋይ የአንድ መርከበኛ ሚስት የምትበላውን ፍሬ ስለ ነፈገቻት ባልየውን በማዕበል ልታሠቃየው ትዝታለች። ነገር ግን እዚያው ላይ መርከቡን ማስጠም እንደማትችል ራሷ ትናገራለች። ማናወጥ እንጂ ማስጠም የላቸውም፤ ደራሲው የሥልጣናቸውን ወሰን በገዛ አፋቸው አስነግሯል። ለማክቤዝም ቢሆን ግደል አላሉትም። ባንኮም ያንኑ ንግርት ሰምቷል፤ ሰምቶም በማክቤዝ ቤት በእንግድነት ባደረበት ሌሊት ክፉ ሐሳብ በእንቅልፉ እንዳይመጣበት ይጸልያል።

አሁን ወደ ግድያው ሌሊት እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ንጉሡ እራት ላይ ነው። ማክቤዝ እንግዳውን ማዕድ ላይ ጥሎ ብቻውን ይወጣና ጉዳዩን እንደ ዳኛ ይመረምረዋል። ዘመዱ ነኝ፤ አሽከሩ ነኝ፤ ከሁሉም በላይ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ ገዳይ እንዳይገባ በሩን መዝጋት ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ እንዴት ጩቤውን እኔው እይዛለሁ ይላል። ደንከን ደግሞ ገር፣ በሥልጣኑ ላይ ነውር የሌለበት ንጉሥ ነው። የሚገፋኝ ከምኞት በቀር አንድም ምክንያት የለም ብሎ ይደመድማል። እንግዳ በሚከበርበት አገር ላደገ ሰው ይህ ንግግር ማብራሪያ አያሻውም። ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ያውም በትክክል። ማክቤዝ የተሳሳተ ሰው ቢሆን ኖሮ ባሳዘነን ነበር፤ የሚያስፈራን ግን የማይሳሳት መሆኑ ነው። በተውኔቱ ውስጥ የማክቤዝን ወንጀል ከማክቤዝ አስተካክሎ የተረዳ ሌላ ሰው የለም።

ሚስቱ መጥታ ወንድነቱን ትነካበታለች። እሱም ባይሳካስ ብሎ ይጠይቃል። ስለ ሐቁ አልጠየቀም፤ እሱን ቀድሞ መልሶታል።

ግድያውን አናየውም። የምናየው ማክቤዝ ከክፍሉ ሲወጣ ነው፣ የሁለተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት። ንግግሩ ተበጣጥሶ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ሆኗል። ድምፅ አልሰማሽም? ጉጉት ነው። አልተናገርህም? መቼ? አሁን። ባልና ሚስቱ በጨለማ የሚደናበሩ ሁለት ሕፃናት ይመስላሉ። እሷ ሽማግሌው ንጉሥ ተኝቶ አባቷን ባይመስልባት ራሷ ትገድለው እንደ ነበር ታምናለች፤ ይህች ሴትነቴን አውጡልኝ ያለች ሴት ናት። እሱ ደግሞ ስለ ጩቤው ወይም ስለ ደሙ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ይጨነቃል። በአጠገቡ ክፍል የተኙ ሁለት ሰዎች በእንቅልፋቸው ሲባንኑ፣ አንዱ ስቆ ሌላው ነፍሰ ገዳይ ብሎ ጮኾ፣ ጸልየው መልሰው ተኙ። እሱ ግን ጸሎታቸውን ሰምቶ አሜን ለማለት ፈልጎ አቃተው። በረከት የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነበር፤ አሜን ግን ጉሮሮው ላይ ቀረ። ለምን አቃተኝ ብሎ ሚስቱን ይጠይቃታል፤ እሷም ይህን ያህል አታስበው ትለዋለች።

ጩቤዎቹን ተሳስቶ ይዟቸው ወጥቷል። መልሳቸው ስትለው እምቢ ይላል፤ የሠራሁትን ማሰብ ያስፈራኛል፣ ዳግመኛ ላየው አልደፍርም ይላል። ከዋክብትን የለመነውን አስታውሱ። እሷ ጩቤዎቹን ተቀብላ ትገባለች፤ ተመልሳ ስትመጣ እጇ እንደ እጁ ቀልቷል፣ ጥቂት ውሃ ያጠራዋል ትለዋለች። እሱ ግን ባሕር ሁሉ ተሰብስቦ እንደማያጠራው ከወዲሁ አውቆታል። ይህችን የውሃ ነገር ያዙልኝ።

በዚያው ቅጽበት የግንቡ በር ይንኳኳል። ቶማስ ደ ክዊንሲ በ1823 ስለዚህ ማንኳኳት ብቻ አንድ ዝነኛ ድርሰት ጽፏል፤ ሐሳቡም ግድያው ባለበት ቆሞ የነበረው ዓለም እንደገና መተንፈስ የሚጀምረው በዚያ ድምፅ ነው፣ ለዚህም ነው የሚያስደነግጠን የሚል ነው። ሊከፍት የሚመጣው ሰካራም በረኛ ራሱን የሲኦል በረኛ አድርጎ ይቀልዳል። ወደ ሲኦል ከሚያስገባቸው መካከል በሁለት አፍ የሚምል አንድ ሰው አለ። ያን ጊዜ ይህ የሞቀ ወሬ ነበር፤ በኅዳር 1605 ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ሊያፈነዱ የሞከሩት ሰዎች ሤራ ከከሸፈ በኋላ ሄንሪ ጋርኔት የሚባል የኢየሱሳውያን ቄስ ተከስሶ፣ በ1606 በተሰማው ችሎት የመሐላ ቃልን በማጣመም ስሙ ተነሥቶ ነበርና። የበረኛውን ቀልድ አንዳንድ ሰዎች ለማስተንፈሻ የገባ ይሉታል። እኔ አልስማማም። ሰክሮ ሲኦል ነው ያለው ቤት በእርግጥም ሲኦል ሆኗል፤ እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም።

የተጠራው ጨለማ በጠሪው ላይ መዞር የሚጀምረው በባንኮ ግድያ ነው። ገዳዮቹ በመንገድ አድፍጠዋል። ባንኮና ልጁ በችቦ ይመጣሉ። ሲያጠቁ ችቦው ይጠፋል፤ ባንኮ ይሞታል፣ ፍሊያንስ በጨለማው ያመልጣል። ከገዳዮቹ አንዱ መብራቱን ማን አጠፋው ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ማጥፋቱ አልነበረም እንዴ መንገዱ ብሎ ይመልሳል። ተውኔቱን ደጋግሞ ያነበበ ሰው እንኳ ይህችን ልውውጥ ሲያልፋት አይቻለሁ። ማክቤዝ ቀኑን ሸፍንልኝ ብሎ ሌሊቱን የለመነው ገና አሁን፣ ከዚህ በፊት ባለው ትዕይንት ነው። ልመናው ተሰማ፤ ማምለጥ ያልነበረበትም ልጅ በዚያው ጨለማ ውስጥ አመለጠ።

ከዚያ ግብሩ ይመጣል። ንጉሡ መኳንንቱን አስቀምጦ ሊቀመጥ ሲል ቦታው ሁሉ ሞልቷል፤ በእሱ ወንበር ላይ ባንኮ ደም ለብሶ ተቀምጧል። ከእሱ በቀር የሚያየው የለም። የዛሬ አዘጋጆች ወንበሩን ባዶ መተው ይወድዳሉ፤ ማክቤዝ የሚጮኸው በባዶ ወንበር ላይ ይሆናል። በሼክስፒር ዘመን ግን ተዋናዩ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ሳይመን ፎርማን የሚባል ሐኪምና ኮከብ ቆጣሪ ተውኔቱን በ1611 በግሎብ አይቶ በጻፈው ማስታወሻ የባንኮ መንፈስ መጥቶ በወንበሩ መቀመጡን መዝግቧል። እኔም የድሮውን እመርጣለሁ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ እኛ ከእንግዶቹ ወገን ሆነን አንድ እብድ እናያለን። ባንኮ ከተቀመጠ ግን የምናየው በማክቤዝ ዓይን ነው፤ ዓይኔ እንዳያይ ያለው ሰው ሌላው ሁሉ የማያየውን ሲያይ እኛም አብረን እናያለን።

በዚህ ተውኔት ውስጥ ከሁሉ የጨለመው ቦታ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ሌሊት ያልተጠራበትን አሳያችኋለሁ። ማክደፍ ወደ እንግሊዝ መኮብለሉን ማክቤዝ ሲሰማ፣ ከእንግዲህ በልቤ የመጣውን እጄ ወዲያው ይፈጽመዋል ብሎ ይወስናል። ከዋክብትን አልለመነም፤ ሌሊቱን ና አላለውም። ቀጥሎ የማክደፍን ቤት እናያለን። እናት ባሏ ጥሏት በመሄዱ ተቆጥታ ከትንሽ ልጇ ጋር ትጨዋወታለች። አባትህ ሞቷል፣ ምን ትሆናለህ ትለዋለች፤ እንደ ወፎች እኖራለሁ ይላታል። ልጁ ቀልደኛ ነው፤ እናቱን በነገር ይረታታል፤ እኛንም ያስቀናል። በተውኔቱ ውስጥ የቤት ሽታ ያለው ትዕይንት ይህ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ ሽሹ ይላቸዋል። እናትየው ወዴት ልሽሽ፣ ምንም አልበደልሁ ትላለች። ገዳዮቹ ገብተው ልጁን እናቱ ፊት ይወጉታል።

የደንከንን ሞት ያልታየ ያደረገ ደራሲ ይህን በመድረክ ላይ ያሳየናል። ለደንከን ግድያ ስንት ጥሪ፣ ስንት ጭንቀት፣ ስንት ሙግት ነበር! ለዚህ ምንም የለም። ማክቤዝ ጨለማ መጥራቱን የተወው ስለማያስፈልገው ነው፤ ዓይኑ ማየቱን ትቷል። ማክደፍ በእንግሊዝ ሆኖ መርዶውን ሲሰማ ሁሉንም? ሁሉንም ነው ያልኸኝ? እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ማልኮልም እንደ ወንድ ቻለው ሲለው፣ እችለዋለሁ፤ ግን እንደ ሰውም ሊሰማኝ ይገባል ብሎ ይመልስለታል። ማክቤዝን ሚስቱ ወንድነትህ የት አለ ብላ ወደ ግድያ ከላከችው ወዲህ ለወንድነት የተሰጠ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው።

እሷስ የት ደረሰች? ለረጅም ጊዜ ጠፍታብናለች። በአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ አንዲት ደንገጡርና አንድ ሐኪም ሌሊት አድፍጠው ይጠብቃሉ። ንግሥቲቱ ተኝታ እየሄደች ትገባለች፣ በእጇ መብራት ይዛለች። ሐኪሙ ያንን መብራት ከየት አገኘችው ብሎ ይጠይቃል። ደንገጡሯም ከአጠገቧ ነበር፣ ሁልጊዜ ከአጠገቧ መብራት አይለይም፣ ትእዛዟ ነው ትለዋለች። ለንግግሬ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። የሲኦል ጭስ የለበሰ ሌሊት የጠራችው ሴት አሁን ያለ መብራት መተኛት አቅቷታል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ጥቂት ውሃ ያጠራዋል ያለችው እጇን ውሃ በሌለበት ታሻሻለች። ንጉሥና ንግሥት በግጥም በሚናገሩበት ተውኔት ውስጥ ደራሲው ግጥሙን ነጥቋት በተቆራረጠ ዝርው ያናግራታል፤ ስለ ደንከን ደም፣ ስለ ማክደፍ ሚስት፣ ስለ በሩ መንኳኳት የምትናገረው ሁሉ ተደበላልቋል። ሐኪሙ የምትናገረውን ይጽፋል፤ በመጨረሻም ከሐኪም ይልቅ ካህን ያስፈልጋታል ብሎ ይወጣል። ፎርማን ራሱ ሐኪም ስለ ነበረ ይመስለኛል፣ ያ ሐኪም ቃሏን እየጻፈ መያዙን ሳይዘነጋ መዝግቦታል።

ሞቷን ማክቤዝ የሚሰማው በሴቶች ጩኸት ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ጩኸት በሌሊት ስሰማ ፀጉሬ ይቆም ነበር፣ አሁን ፍርሃት ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ ይላል። ስለ እሷም ብዙ አይናገርም፤ ሕይወትን የሚያልፍ ጥላ፣ የሚጠፋ ሻማ ይላታል። ብዙ ሰዎች ይህን ንግግር እንደ ጥበብ ቃል ያነቡታል፣ በየመቃብሩ ላይም ይጠቅሱታል። እባካችሁ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አትርሱ። ሕይወት ትርጉም የላትም የሚለው ትርጉሟን በገዛ እጁ የገደለ ሰው ነው።

ስለ አዘገጃጀቱም ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ ተዋንያን ዘንድ የዚህን ተውኔት ስም በቲያትር ቤት ውስጥ መጥራት ገደ ቢስ ነው ይባላል፤ የስኮትላንዱ ተውኔት እያሉ ያልፉታል። በ1849 በኒው ዮርክ በሁለት ማክቤዞች፣ በእንግሊዛዊው ማክሬዲና በአሜሪካዊው ፎረስት፣ ደጋፊዎች ጠብ ከሃያ የማያንስ ሰው ሞቷል፤ ይህ ግን የጥንቆላ ሳይሆን የመደብና የአገር ኩራት ጠብ ነበር። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1957 በፊልም ታሪኩን ወደ ሳሙራይ ዘመን ወስዶ ከፉጂ ተራራ በታች በጭጋግ ሞልቶታል። ጆኤል ኮኤን በ2021 በጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሠራው ዴንዘል ዋሽንግተን ማክቤዝን ሆኗል። ሁሉም በየመንገዳቸው ጥሩ ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ የማደንቀው ትሬቨር ነን በ1976 በስትራትፎርድ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ያዘጋጀውን ነው። ኢያን ማክኬለንና ጁዲ ዴንች በጥቂት ዕቃ ብቻ፣ ከተመልካቹ ትንፋሽ በሚደርስ ርቀት ተጫወቱት። ተመልካቹን የሚያስፈራ ግንብም ሆነ ጭጋግ አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ብቻ ነበር።

በአማርኛ ማንበብ ለምትፈልጉ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ማክቤዝ»ን ተርጉሞታል፤ ፈልጋችሁ አግኙት። አጭር ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። በዝምታ አታንብቡት፤ የሁለተኛውን ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ሁለት ሰዎች ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ተቀባበሉት፣ የቃሉ መበጣጠስ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ተውኔቱን ለመድረክ የምታዘጋጁ ካላችሁ ደግሞ የማክደፍን ቤት ትዕይንት እንዳትቆርጡብን። በድሮ ዘመን ዝግጅቶች ታሪኩን ያጓትታል፣ የሕፃን ሞት ተመልካቹን ያስከፋል እየተባለ ብዙ ጊዜ ይቀነስ ነበር። እሱ የተቀነሰበት «ማክቤዝ» በአልጋ ላይ የተጣሉ መኳንንት ታሪክ ሆኖ ይቀራል።